አረጋውያንን ስለ ማታለል፦ ሕግ «ተንኮል» የሚለውና ሕሊና የሚያውቀው



በዚህ እትም የምናነሣው ጥያቄ ከመጻሕፍት የመነጨ አይደለም። ከጭሮ ወደ ባቡሩ መስመር በሚወርደው መንገድ ካሉት ከተሞች በአንዱ ይኖሩ የነበሩ አንድ አረጋዊ ናቸው ያስነሡብን። ነገሩን በምስጢረ ንስሐ የሰማነው ቢሆን ኖሮ አንጽፈውም ነበር። የሰማነው ግን በቤታቸው ተቀምጠን ነው፤ እርሳቸውም በሕይወት ሳሉ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ እንድንናገረው ፈቅደውልናል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን እንተወዋለን።

እኒህ ሰው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ወንዱ ልጃቸው አብሮአቸው ሲኖር፣ ሴቷ ልጃቸው ጂዳ ሆና በየጥቂት ወሩ ገንዘብ ትልክላቸው ነበር። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም። ያጥባቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ በየእሑዱ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቅዳሴ ያመጣቸዋል፤ ጎረቤቱም ሁሉ ጧሪ ልጅ እያለ ያመሰግነው ነበር። አንድ ቀን ወደ እኛ መጣና አባቱ የጡረታ ገንዘባቸውን ለመቀበል በየወሩ መሰለፍ ስለ ከበዳቸው ውክልና ሊሰጡት እንደሆነ ነግሮን፣ ምስክር እንድንሆን ጠየቀን። ሄድን። ጽሑፉ በሥርዓቱ ተነበበ። የሽማግሌው ጆሮ ግን ከብዶ ነበር። «ገባዎት?» ተብለው ሲጠየቁ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ፤ ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ እርሳቸውም «አዎን» አሉ። አውራ ጣታቸውን አተሙ፤ እኛም ፈረምን። ከጡረታው ቀጥሎ ቤታቸውን ለመሸጥ፣ ለመለወጥና በዋስትና ለማስያዝ ሥልጣን የሚሰጥ መስመር ሲነበብ ሰምተን ነበር። ውክልና ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብለን አለፍነው።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ አንድ ሰው ሜትር ይዞ ግቢውን ሊለካ መጣ። ቤቱ ተሽጦአል፤ ገንዘቡም በጫት ንግድ ለደረሰ ዕዳ ውሎአል። ልጁን አስጠርተን ስንጠይቀው የሰጠን መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን፦ «አባ፣ እኔ አልዋሸሁም። ወረቀቱ እርስዎ ባሉበት ተነብቧል። አባቴም እሺ ብለዋል።»

በእርግጥም ማንም ሰው ያልነበረ ነገር ነበረ አላለም። ለጡረታው ነው የተባለው ውሸት አልነበረም፤ ጡረታው በወረቀቱ ላይ ተጽፎአል። የተነገረው እውነት ጎዶሎ መሆኑ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ተንኮል ነውን?

በዕለት ንግግራችን ተንኮል ስንል የልብ ክፋትን፣ ምቀኝነትን፣ በሰው ላይ ጉድጓድ መቆፈርን ሁሉ ማለታችን ነው። በሕግ ግን ቃሉ ጠባብ በር አለው። በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ በውል ነገር ዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈቃድን የሚያጎድሉት ነገሮች ስሕተት፣ ተንኮልና ኃይል መሆናቸውን ያስተምራል። ስለ ተንኮል በሚናገረው በቁጥር 1704 መሠረት፣ አንደኛው ወገን የማታለል ሥራ ሠርቶ እንደሆነና ሌላው ወገን ባይታለል ኖሮ ውሉን ባልተዋዋለ ነበር የሚያሰኝ እንደሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ሁለት ነገሮች ተያይዘው መገኘት አለባቸው ማለት ነው፤ የማታለሉ ሥራ፣ ደግሞም ያ ሥራ ፈቃዱን የወለደ መሆኑ።

«ሊፈርስ ይችላል» የሚለውን አነጋገር ልብ እንበል። በተንኮል የተገኘ ውል ዳኛ እስኪያፈርሰው ድረስ ቆሞ ይኖራል፤ እንዲፈርስ የሚጠይቀውም የተታለለው ሰው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግም በቀኖና 125 ከዚህ የራቀ አይናገርም፦ በተንኮል የተደረገ ሥራ ሕጉ ሌላ ካላለ በቀር የጸና ነው፤ ዳኛ ግን ሊሽረው ይችላል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የተበደለው ሰው አፉን እስኪከፍት ድረስ ይጠብቃል፤ በቀኖናው ግን ዳኛ በራሱ ሥልጣንም ሊሽረው ይችላል።

የሕጋችን አዘጋጅ ግን ውሸት በአደባባይ ብቻ እንደማይሠራ ያወቀ ይመስላል። በቁጥር 1705 በተዋዋዮቹ መካከል የተለየ መተማመንና ታማኝነትን የሚጠይቅ ግንኙነት ያለ እንደሆነ፣ በክፉ ልቦና ወይም በቸልተኝነት የተነገረ ሐሰተኛ ነገር እንኳ ውሉን ለማስፈረስ በቂ ሊሆን እንደሚችል ተደንግጎአል። በገበያ ላይ የማናውቀው ሻጭ ሲያጋንን እንጠነቀቃለን፤ የሚያጎርሰንን እጅ ግን ማን ይጠረጥራል? ቁጥር 1710 ደግሞ አንዱ ወገን የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ ያገኘውን እጅግ የተዛባ ውል ፍትሕ ካስገደደ ዳኛ ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል። እርጅና የሚለው ቃል በግልጽ ገብቶአል። ውክልናን በሚመለከት ደግሞ፣ ሕጉ ቤት ለመሸጥ በጥቅል የተሰጠ ውክልና እንደማይበቃና ልዩ ሥልጣን እንደሚያሻ ይደነግጋል፤ በቁጥር 2208ና 2209ም ተወካዩ ለወካዩ ፍጹም ቅን ልቦና እንዲኖረውና ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ ያዛል። እንግዲህ ልጁ «አልዋሸሁም» ቢልም በዚህ በር መጠየቁ አይቀርም ነበር። ገዢው ግን ነገሩን የማያውቅ ቅን ሰው ሆኖ ከተገኘ ቤቱን ከእጁ ማስመለስ ከባድ ነው፤ ይህንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል።

የወንጀል ሕጉ ከዚህ ይልቅ ወደ ጎዶሎው እውነት ይጠጋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ሲተረጉም፣ አሳሳች ነገር መናገርን ብቻ ሳይሆን ሊገልጸው የሚገባውን ነገር መደበቅንና የሌላውን ሰው የተሳሳተ እምነት መጠቀሚያ ማድረግንም ይጨምራል። በሌላውም ዓለም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች በንብረታቸው ላይ ለሚደርስባቸው በደል የሚከሱበት የተለየ ሕግ አለ። ዳኞች ከካሳው በላይ ቅጣት ለመጣል በሚመረምሩት የተንኮል ትርጉም ውስጥም፣ አውቆ ሐሰት ከመናገር ጎን ለጎን ዋናውን ነገር ደብቆ ሰውን ንብረቱን ማሳጣት ተቆጥሮአል። ዝም ማለት በአፍ የማይነገር ውሸት ሊሆን እንደሚችል ሕግ አውጪዎች ከተስማሙ ቆይተዋል።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሽማግሌው ተመለስን። መብት እንዳላቸው፣ ጊዜው ሳያልፍ ሊከሱ እንደሚችሉ፣ እኛም ያየነውን በፍርድ ቤት ለመመስከር ዝግጁ እንደሆንን ነገርናቸው። ለብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ የመለሱልን ሕጉንም ነገረ መለኮታችንንም ያናወጠ ነበር፦ «ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር። አልጠየቀኝም።»

እስቲ ይህን ቃል በሕጉ ሚዛን እንመዝነው። ሕጉ የሚጠይቀው ባይታለል ኖሮ እሺ ባላለ ነበር ወይ ብሎ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሳልታለልም እሰጥ ነበር አሉ። የተከሳሽ ጠበቃ ይህችን ቃል ቢሰማ ከዚያ በላይ መከራከሪያ አይፈልግም። በሕሊና ሚዛን ግን ቃሏ በደሉን ታከብደዋለች እንጂ አታቀልለውም። ከሽማግሌው የተወሰደው ቤት ብቻ አይደለም። የመጠየቅ ክብር ተወስዶባቸዋል፤ «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚል ሰው መሆናቸው ተዘንግቶአል። ልጁ በሕይወት ያለውን አባቱን እንደ ሞተ ቆጥሮ ወረሰው።

በወንጌል የምናውቀው ያ አባካኝ ልጅ (ሉቃ. 15) እንኳ ከዚህ ይሻላል ለማለት እንደፍራለን። ጥያቄው ጭካኔ ነበረበት፤ አባት ሳይሞት ውርስ መጠየቅ ነውና። ነገር ግን በአባቱ ፊት ቆሞ ጠየቀ። አባትየውም አውቆ፣ ልቡ እያዘነ፣ በገዛ እጁ አካፈለው። ስለዚህም ልጁ በተመለሰ ጊዜ በመካከላቸው ይቅር የሚባል እንጂ የሚገለጥ ምስጢር አልነበረም።

የዚህ ተቃራኒ በኦሪት ዘፍጥረት ም. 27 ተጽፎአል። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ በእጁ ይዳስሳል፣ በጆሮው ይሰማል፣ በአፍንጫው ያሸታል። ድምፁ የያዕቆብ፣ እጁ የዔሳው ሆኖበት ተጠራጠረ፤ ሆኖም ባረከ። ያታለሉት ባዕዳን አልነበሩም፤ ምግቡን የምታበስል ሚስቱና ከማዕዱ የሚቀርበው ልጁ ናቸው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በዚህ ሥራ ውስጥ ምስጢር እንጂ ውሸት እንደሌለ አስተምሮአል፣ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ተከትሎታል፤ በዘርአ ክህነት ሳለን ይህንኑ ተምረን በፈተና ላይ ጽፈናል። የአበውን ትርጓሜ አንቃወምም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሽማግሌው እውነቱን ባወቀ ጊዜ እጅግ እንደ ተንቀጠቀጠ ሳይጽፍ አላለፈም። በፍየል ቆዳ ያታለለው ያዕቆብም በስተርጅናው በፍየል ደም በተነከረ ቀሚስ በገዛ ልጆቹ ተታለለ።

ቅዱስ ቶማስ በሱማ ቴዎሎጂያ ሁለተኛው ክፍል ስለ ጥበብ ተቃራኒዎች ሲያስተምር (ጥያቄ 55) ብልጠትን፣ ተንኮልንና ማጭበርበርን በአንድ ተርታ ያስቀምጣቸዋል። ብልጠት በሐሳብ ውስጥ መንገድ ሲፈልግ፣ ተንኮል በቃልም በሥራም ያንን መንገድ ይሄድበታል፤ ማጭበርበር ግን በተለይ በሥራ ይፈጸማል። ስለዚህ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ማጭበርበር ይቻላል። «አልዋሸሁም» የሚለው ልጅ ስምንተኛውን ትእዛዝ ብቻ እየተመለከተ ነው፤ አራተኛውና ሰባተኛውም አሉ።

ሰው የሃይማኖትን መጋረጃ ለብሶም ወላጁን ሊዘርፍ እንደሚችል ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ም. 7 አስጠንቅቆአል። ለአባትና ለእናት መጦሪያ ሊሆን የሚገባውን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብለው የሚያስቀሩ ነበሩ፤ ስሙንም ቁርባን ይሉት ነበር፤ ዛሬ በመካከላችን እጅግ የከበረውን ያንኑ ቃል ማለት ነው። ይህን ስንጽፍ ወደ ራሳችንም ማየት ይገባናል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በኑዛዜ ክፍሉ፣ በሙያቸው ምክንያት ለተናዛዡ በመጨረሻው ዘመኑ የሥጋ ወይም የመንፈስ እንክብካቤ ላደረጉ ሰዎች የተተወውን ስጦታ ዳኛ እንዲቀንሰው ወይም እንዲሽረው ይፈቅዳል። የመንፈስ እንክብካቤ የሚያደርጉት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ለንስሐም ለውርስም ማገልገሉ ያለ ነገር አይደለምና፣ አንደኛውን የሚሰማ ካህን በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባል ተረት አለ። ለነጋዴ መልካም ምክር ይሆን ይሆናል። ለአንድ አባት ግን ልጅህን ጠርጥር ማለት የቤቱን ምሰሶ ንቀል እንደማለት ነው። ከዚህም በላይ ተረቱ ጥፋቱን ከመንጣሪው አንሥቶ ባልጠረጠረው ላይ ይጥለዋል። መጽሐፈ ሲራክ (ም. 33) ከዚህ የተሻለ ጥበብ አለው፤ በሕይወት ሳለህ ንብረትህን አሳልፈህ አትስጥ፣ አንተ የልጆችህን እጅ ከምታይ ልጆችህ ቢለምኑህ ይሻላል የሚል ትርጉም ያለውን ምክር ይመክራል። ጠርጥር አላለም፤ የሚጠየቅ ሰው ሆነህ ቆይ አለ። በም. 3 ደግሞ ልጁን አባትህ አእምሮው ቢደክም እንኳ ታገሠው ይለዋል።

ሽማግሌው ልጃቸውን በዳኛ ፊት ላለማቆም ወሰኑ። ውሳኔያቸውን አከበርን። ነገር ግን በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማለት አለብን፤ አረጋዊ ሰው በተንኮል የተወሰደበትን ለማስመለስ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ኃጢአት አላደረገም። በየቁምስናችን ይቅርታ የሚለውን ቅዱስ ቃል እያነሣን ተበዳዩን ዝም የምናሰኝ ሽማግሌዎችና ካህናት አለን። በሕጉ ቁጥር 1810 መሠረት በተንኮል የተገኘ ውል እንዲፈርስ የሚቀርበው ክስ ምክንያቱ ከቀረበት ቀን ጀምሮ፣ ይኸውም ተንኮሉ ከታወቀ ወዲህ፣ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በእርጅናና በችግር ተጠቅሞ ለተደረገው የተዛባ ውል ደግሞ 2 ዓመቱ የሚቆጠረው ውሉ ከተደረገበት ቀን ነው። ሽምግልናው ከፋሲካ ወደ ገና፣ ከገና ወደ ፋሲካ ሲራዘም ጊዜው ያልፋል። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡ ወገኖቻችን ይህን ቁጥር ይወቁት።

የፍርድ ቤቱ ጊዜ ቢያልፍም የሕሊናው አያልፍም። በግፍ የተወሰደን ነገር መመለስ ለመዳን የሚያስፈልግ ግዴታ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ሳታቋርጥ አስተምራለች። ልጁ ቤቱን መመለስ አይችልም፤ የሚችለውን ግን ዕዳ አለበት። እኛ የነገርነው ሁለት ነገር ነው፦ ለአባቱ ማደሪያ የሚሆን ኪራይ ከገቢው በየወሩ እንዲያስቀምጥ፣ ጂዳ ላለችው እኅቱም እውነቱን እንዲጽፍላት። እርሷ ለማታውቀው ነገር፣ የእነርሱ ላልሆነ ጣራ ማደሻ ገንዘብ ትልክ ነበርና። ኪራዩን ወዲያው ተቀበለ። ደብዳቤው አራት ወር ፈጀበት። «አባቴ ይቅር ብለውኛል፤ ዕዳው ቀርቷል» ሲለን ይቅር የተባለው ምን እንደሆነ አባትየው በሙሉ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅነው። አበዳሪ ዕዳውን ሊተው ይችላል፤ ስንት እንደሆነ ያላወቀውን ግን እንዴት ይተዋል?

ለካቴኪስቶቻችን አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን፤ በየመንደሩ ማንበብ የሚችሉ ታማኝ ሰዎች ተብለው ለምስክርነት የሚጠሩት እነርሱ ናቸውና። በአካባቢያችን አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚሰሙ አረጋውያን አሉ፤ በየከተማው ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚሰሙ አሉ፤ ወረቀቱ በየትኛውም ቢጻፍ በማያውቁት ቋንቋ ሲነበብላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሕጉ (ቁጥር 1728) ማየት የተሳነውና ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ብሎ ጠብቆአቸዋል። ጆሮው የከበደውን ሰው ግን በዚያች ሰዓት የሚጠብቀው አጠገቡ የቆመው ምስክር ነው። ልጁን ወይም ዘመዱን ጥቂት ፈቀቅ አድርጉት። ሽማግሌውን «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎን ይላል። «ይህ ወረቀት ምን ያደርጋል? ነገ ቤቱ የማን ነው?» ብላችሁ በራሳቸው አፍ እንዲነግሩአችሁ ጠይቁ። መመለስ ካልቻሉ አትፈርሙ። የሚቀየም ይቀየማል። እኛ በዚያን ቀን ይህን ባለማድረጋችን የልጁን ጥፋት በፊርማችን አጽንተንለታል፤ ይህንም ለራሳችን ተናዛዥ አባት ነግረናል።

ሽማግሌው ከማረፋቸው ከጥቂት ወራት በፊት የውክልናውን ቅጂ ይዘን ሄድን። ገዢው እስኪሞቱ እንዲኖሩባት በተወላቸው የጓሮ ክፍል ውስጥ በአልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። በጆሮአቸው አጠገብ ጎንበስ ብለን፣ ቃል በቃል፣ ቀስ እያልን አነበብንላቸው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መሸጥ የሚለው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሡና እንድንደግመው ጠየቁ፤ ደገምነው። አንብበን ስንጨርስ ጥቂት ቆዩና «የእናቱ ስም የለበትም?» አሉን። እንደሌለበት ነገርናቸው። «ቤቱን የሠራነው አብረን ነበር» አሉ። ልጁ ገባና አጠገባቸው ተቀመጠ።